ምዕራፍ ስድስት፦ ከሕጉ በፊት ጥያቄው

ከወልቂጤ ተነሥቶ ጉብሬን አልፎ ወደ እምድብር የሚዘልቅ መንገደኛ፣ በግራና በቀኝ ከሚያያቸው ነገሮች ሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚስበው በየቤቱ ጓሮ በረድፍ በረድፍ የቆመው እንሰት ነው። መንገደኛው የሒሳብ መምህር የሆነ እንደ ሆነ ግን፣ ከቅጠሉ ልምላሜና ከግንዱ ውፍረት አልፎ በተክልና በተክል መካከል ያለውን ርቀት ልብ ሊለው ይገባል፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በመጽሐፉ ላይ ባየው ጊዜ የሚሸሸው ትምህርት፣ በዚያ አጸድ ውስጥ ከቅድመ አያቶቹ ዘመን ጀምሮ በየዓመቱ ሲሠራበት ኖሯልና።

እምድብር ያለችበት የቸሃ ገበሬ እንሰቱን የሚያባዛው ዘር በመዝራት አይደለም። የእንሰቱን አሚቾ ከመሬት አውጥቶ፣ መካከሉን ቦርቡሮ፣ መልሶ ይቀብረዋል፤ ከጊዜ በኋላም ከአንዱ አሚቾ ዙሪያ ብዙ ችግኝ ይፈላል። ችግኙ ጥቂት ሲጠነክር ወደ ሌላ መደብ ይዛወራል፤ ሲያድግም እንደ ገና ተነቅሎ፣ ከጎረቤቱ ያለው ርቀት ሰፍቶ ይተከላል፤ እንዲህ እየተዛወረ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ለመፋቅ ይደርሳል። መትከሉና ማዛወሩ የወንዶች፣ መፋቁና ማብላላቱ የሴቶች ሥራ ነው። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ በቸሃ ተቀምጦ ያጠናውን በ1966 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንግዲህ መምህሩ በእምድብር ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ጠመኔውን ገና ሳያነሣ፣ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ። አንድ ቤተ ሰብ በየዓመቱ 12 እንሰት ይፍቃል እንበል፤ ተክሉ በሦስት መደብ እየተዛወረ ያድጋል፣ በእያንዳንዱም መደብ ሁለት ሁለት ዓመት ይቆያል፤ በመጀመሪያው መደብ በተክልና በተክል መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር፣ በሁለተኛው አንድ ሜትር፣ በሦስተኛው ሁለት ሜትር ነው። ይህ ቤተ ሰብ ቆጮ አንድም ዓመት ሳይጎድልበት እንዲኖር ስንት ካሬ ሜትር መሬት ያሻዋል?

ተማሪው እንሰትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ይህን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ስለዚህ በድፍረት ይገምታል። ከሚገምቱት የሚበዙት ርቀቱ በየመደቡ እጥፍ ስለሚሆን መሬቱም በየመደቡ እጥፍ ይሆናል ማለታቸው አይቀርም፤ መምህሩም በዚህ ጊዜ ‘ተሳስታችኋል’ ከማለት ተቆጥቦ፣ ነጥብ በነጥብ አድርገው በደብተራቸው ላይ እንዲስሉት ቢያዛቸው፣ ለአንዱ ተክል የሚደርሰው መሬት በመጀመሪያው መደብ ሩብ ካሬ ሜትር፣ በሁለተኛው አንድ፣ በሦስተኛው አራት እንደ ሆነ፣ ማለትም ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር መሬቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን በገዛ እጃቸው ያገኙታል። በየመደቡ ምንጊዜም 24 ተክል ይቆማልና፣ ሒሳቡ 6፣ 24 እና 96፣ በድምሩ 126 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከዚህም ውስጥ ከሦስት አራተኛ የሚበልጠውን የያዘው የመጨረሻው መደብ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ እዚህ ላይ ቢያቆም ገና ግማሽ መንገድ መሄዱ ነው። መምህሩ ሁለት ነገር ይጨምር። ቤተ ሰቡ በዝቶ በየዓመቱ 18 እንሰት መፋቅ ቢያስፈልገውስ? ተማሪዎቹ ሁሉም ነገር በእኩሌታ አድጎ 189 እንደሚሆን ወዲያው ይመልሳሉ። ደግሞስ ቤተ ሰቡ እንዳለ ሆኖ፣ መሬት የጠበበበት ገበሬ የመጨረሻውን ርቀት ከሁለት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ተኩል ቢያሳጥረው? አሁን የመጨረሻው መደብ ከ96 ወደ 54 ይወርዳል፤ ጠቅላላው መሬት 84 ይሆናል፤ ገበሬው የርቀቱን ሩብ ብቻ ቀንሶ ከመሬቱ ሁሉ ሲሶውን አተረፈ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ‘ቲቸር፣ እንዲህ ከተጠጋጋ እኮ አይወፍርም፤ አባቴ አይስማማም’ ቢል፣ ያ ቀን ለመምህሩ የበዓል ቀን ነው፤ ልጁ የቁጥሩን ኃይል ካየ በኋላ የቁጥሩን ወሰን ደግሞ አይቷልና። ከላይ የሰጠኋቸው ርቀቶች ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ እውነተኞቹን ተማሪዎቹ በየጓሯቸው ለክተው ቢያመጧቸውና ከየቤታቸው የመጣው መልስ ለምን እንደ ተለያየ ቢከራከሩ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ፣ የርዝመት እጥፍ የስፋት አራት እጥፍ መሆኑን የሚናገረውን ሕግ በፊደልና በቁጥር የሚጽፈው። ሕጉ በመጽሐፉ ላይ ካለው አንዲት ነጥብ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመጣበት ተራ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለትም ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ ወጣቱን ከሒሳብ ያራቀው የሕጉ ክብደት ሳይሆን፣ ሕጉ ጥያቄውን ቀድሞ መምጣቱ ነውና።

የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን ምሥጢር አላጡትም ነበር። በንባብ ቤት ሕፃኑ የተሰጠውን በዜማ እየደጋገመ ይይዛል፤ መምህሩ ያለውን ይላል፣ አንዲት ቃል ቢያጎድል ይገሠጻል። ወደ ቅኔ ቤት በተሻገረ ጊዜ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ ደቀ መዝሙሩ ትናንት የተባለውን ዛሬ ቢደግም ነውር ነውና፣ በየቀኑ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አዲስ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታም በየኔታ ፊት ቆሞ የራሱን ፈጠራ ይነግራል፤ ሰዋስዉን የሚታረመው፣ ቤት መምታቱን የሚመረመረው፣ ምሥጢሩን የሚጠየቀው በገዛ ድርሰቱ ላይ ነው። የዛሬው ትምህርት ቤት ሒሳብን ዐሥራ ሁለት ዓመት በንባብ ቤት አስቀምጦ፣ በፈተናው ቀን ብቻ የቅኔ ቤት ፍሬ ይጠይቃል።

የፈተናው ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው በይፋ ተነግሯል። ይህ የሒሳብ ብቻ ውጤት አይደለም፤ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው። መንሥኤውም አንድ አይደለም። እኔ ግን አንዱን ልጥቀስ፤ የእምድብር ልጅ በቤቱ ጉራጊኛ ይናገራል፣ ሒሳብን መጀመሪያ በአማርኛ ይማራል፣ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲሻገር ግን ያው ሒሳብ በእንግሊዝኛ ይመጣበታል፤ እንግዲህ ነገሩን ሳይረዳ ቋንቋውን፣ ቋንቋውን ሳይረዳ ነገሩን ሲያሳድድ ሁለቱም ያመልጡታል። ጥያቄው በሚያውቀው ቋንቋና በሚያውቀው አጸድ ቢቀድም፣ እንግሊዝኛው በኋላ የተረዳውን ነገር ስም ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ስም መማር ደግሞ ለዚህ አገር ሰው አስቸግሮት አያውቅም።

በ1990ዎቹ ማገባደጃ ላይ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለው፣ ተማሪው በአጭሩ ‘ፕላዝማ’ ብሎ የሚጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ በሐሳብ ደረጃ መልካም ነበር፤ በሩቅ ገጠር ያለው ተማሪ በአዲስ አበባ ካለው ጋር እኩል መምህር እንዲያገኝ የታሰበ ነውና። ነገር ግን በመስኮቱ ውስጥ የቆመው መምህር ጥያቄ ሲጠይቅ፣ ተማሪው ገና ጥያቄውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ሳለ መልሱን ይናገር ነበር፤ ቆይ ቢሉት አይቆይም፤ የክፍሉ መምህርም ከራሱ ክፍል እንግዳ ሆኖ ከጥግ ይቆማል። እስኪጠየቅ የማይታገሥ ትምህርት ምን እንደሚመስል ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ እምድብር እንመለስ፤ ከእንሰቱ አጸድ ቀጥሎ የሚታየው ቤቱ ነውና። የጉራጌ መንደር፣ ጀፎር በሚባለው ሰፊና ለምለም አደባባይ ግራና ቀኝ የተሰለፈ ሲሆን፣ ነባሩ ቤት ክብ፣ ክዳኑ ሾጣጣ፣ መካከሉም በምሰሶ የተያዘ ነው። ተማሪዎቹ ወደ ሜዳ ወጥተው ችካል ይትከሉ፤ በችካሉ ላይ ሦስት ሜትር ገመድ አስረው እየዞሩ ክብ ያስምሩ፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ገመድ በክቡ ዙሪያ እያጠፉ ስንት ጊዜ እንደሚዘረጋ ይቁጠሩ። ስድስት ጊዜ ተዘርግቶ፣ ከገመዱ ሩብ ትንሽ በልጦ ይተርፋል። ሌላው ቡድን በአራት ሜትር ገመድ ቢሠራ፣ ሦስተኛውም በአምስት ቢሠራ፣ ትርፉ ያው ነው። ‘ለምን ያው ሆነ?’ የሚለው ጥያቄ ከልጆቹ አፍ እስኪወጣ ድረስ መምህሩ ፓይ የሚባለውን ስም ከኪሱ ባያወጣው እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይበልጣል፤ አባቶቻችን ቤቱን ለምን ክብ አደረጉት? ለዚህ ብዙ መልስ ይኖራል፤ የነፋሱ፣ የእንጨቱ፣ የልማዱ፤ ሒሳብ ግን አንዱን መልስ ይሰጣል። ሦስት ሜትር ሬዲየስ ያለው ቤት የግድግዳው ዙሪያ 18.8 ሜትር ግድም ሲሆን፣ በውስጡ የሚያቅፈው ስፋት 28 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያው የግድግዳ ርዝመት አራት ጎኑ እኩል የሆነ ቤት ቢሠራ ግን የሚገኘው ስፋት 22 ብቻ ነው። አንድም እንጨት ሳይጨመር ስድስት ካሬ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ጥጃ ማደሪያና የአንድ መደብ ቦታ ተገኘ። ምሰሶው ከግድግዳው ጫፍ በላይ አራት ሜትር ቢወጣ ደግሞ፣ ወራጁ አምስት ሜትር መሆን እንዳለበት የፒታጎራስ ሕግ ያስገድዳል፤ ለክዳኑ የሚያስፈልገው ሣር ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሸፍን ለማወቅ፣ ተማሪው አምስት ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ወረቀት ቆርጦ፣ ከ360 ዲግሪው 216ቱን አስቀርቶ ቢጠቀልለው፣ የአያቱን ቤት ክዳን በመዳፉ ይዞት ይገኛል፤ 47 ካሬ ሜትር የሚለው መልስም ከዚያ ወረቀት ይወለዳል።

ይህን ዓይነት ትምህርት በአፍሪካ ምድር በብርቱ የደከመበት ፓውሉስ ጌርዴስ የተባለው የሞዛምቢክ የሒሳብ ሊቅ ነበር። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ መምህራንን ሲያሠለጥን፣ የገጠሩ ሰው አራት ማዕዘን ቤት ሲሠራ ሁለት እኩል ገመዶችን በመካከላቸው አስሮ፣ ጫፍና ጫፋቸውን ወጥሮ በአራቱ ጫፎች ላይ ችካል እንደሚተክል አስተዋለ፤ ከዚህም ተነሥቶ፣ እኩል የሆኑና እርስ በርሳቸው የሚከፋፈሉ ሰያፍ መሥመሮች ቀጤ ነክ ማዕዘን እንደሚያስገኙ የሚናገረውን ሕግ መምህራኑ ራሳቸው እንዲደርሱበት አደረገ። ገበሬው ሕጉን አላወቀውም ማለት አይቻልም፤ ያላወቀው ማስረጃውን ነው፤ የትምህርት ቤቱ ድርሻም ያን ማስረጃ ማቅረብ ነው።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የውጭውን መጽሐፍ ወስዶ፣ ፖሙን በቆጮ፣ ባቡሩን በወልቂጤ አውቶቡስ ለውጦ ‘አገርኛ አደረግነው’ የሚል የመማሪያ አዘጋጅ፣ የነገሩን ልብስ እንጂ ነገሩን አልነካውም፤ ተማሪውም ማታለሉን ወዲያው ያውቅበታል። እንዲሁም ክፍሉን ሞቅ ለማድረግ ሲባል የሚመጣው ዝማሬና ውድድር፣ በራሱ ክፉ ባይሆንም፣ ደስታው ከሒሳቡ ሳይሆን ከጩኸቱ የመጣ ስለሆነ፣ ደውሉ ሲደወል አብሮ ይሄዳል። ከጨዋታዎቹ መካከል እኔ ከክፍል እንዲገባ የምፈቅድለት ገበጣ ነው፤ እርሱ ራሱ አስቀድሞ ማሰብን የሚጠይቅ ነውና። ሀንጋሪያዊው ጆርጅ ፖልያ በ1945 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝነኛ መጽሐፉ፣ ጥያቄውን መረዳት፣ መንገድ መቀየስ፣ መፈጸም፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር የሚሉ አራት ደረጃዎችን አስቀምጧል፤ በእኛ ክፍሎች የሚታየው ሦስተኛው ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዕቁብን ነገር ለማንሣት እምድብር ከማንም ይልቅ ተገቢ ቦታ ናት። የጉራጌ ነጋዴ ከሊስትሮ ሣጥን እስከ መርካቶ መጋዘን የደረሰበትን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ፣ ወለድ የሌለበት ይህ ማኅበር በመካከሉ መኖሩን ያውቃል፤ የአካባቢው ተወላጆች በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ተሰባስበው በመዋጮ ወደ አገራቸው መንገድ ማሠራታቸውም ከዚሁ የመተማመን ልማድ የራቀ አይደለም። እንግዲህ 20 አባላት በየወሩ 1,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ ይሁን። ዳኛው ዕጣውን በመጀመሪያው ወር ሲያወጣ ለእያንዳንዱ አባል ያለው ዕድል ከ20 አንድ ነው፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። በሦስተኛው ወር ዕጣ የሚደርሰኝ ዕድል ስንት ነው? ተማሪዎቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ ገሚሱ ‘ሰው ስላነሰ ዕድሉ ይጨምራል’ ሲል፣ ሌላው ‘ቀድሞ ሊወጣልኝ ስለሚችል ይቀንሳል’ ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ስለዚህም ነው ክርክሩ የሚጣፍጠው። በመጀመሪያው ወር እንዳይወጣ 19 ሃያኛ፣ በሁለተኛው እንዳይወጣ 18 ዐሥራ ዘጠነኛ፣ በሦስተኛው እንዲወጣ አንድ ዐሥራ ስምንተኛ፤ ሲባዛ 19 ከ19፣ 18 ከ18 ተጣፍቶ የሚቀረው ከ20 አንድ ነው። ዕጣው ፍትሐዊ ነው ማለት ነው። ታዲያ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ዕጣ የሚመኘው ስለ ምንድን ነው? ዕጣ የደረሰው አባልስ ተራውን ለቸገረው ሰው በጥቂት ገንዘብ ሲለቅ፣ ያ ጥቂት ገንዘብ የምን ዋጋ ነው? ከዚህ በኋላ የወለድን፣ የዋጋ ግሽበትንና የጊዜን ሒሳብ ለማስተማር መምህሩ ብዙ መልፋት የለበትም።

የመጨረሻውን ምሳሌ ለመጨረሻ ያቆየሁት፣ በጉራጌ ምድር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የሚማሩ በመሆናቸው፣ ሁለቱንም እኩል የሚያከራክር ጥያቄ ስላለበት ነው። በትውፊት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዲሜጥሮስ እንደ ደረሰው የሚነገረው ባሕረ ሐሳብ፣ ጾምንና በዓልን ለማውጣት የሚያገለግል የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቍጥር ነው። ሥራው እንዲህ ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲነሣ ወንበር ይገኛል፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይሆናል። ለ2018 ዓ.ም. ብንሠራው፣ 7518 ለ19 ተካፍሎ ቀሪው 13፣ ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው። ተማሪዎቹ የተለያዩ ዓመታትን ተከፋፍለው ይሥሩ፤ ጥቂት ቆይተው ከመካከላቸው አንዱ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 እንደሚሆኑ ያስተውላል። አሁን ጥያቄው ተወለደ፤ መልሱም ከዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ አያልፍም፤ 11 ጊዜ ወንበር ሲደመር 19 ጊዜ ወንበር፣ 30 ጊዜ ወንበር ነው፤ ለ30 ሲገደፍም ምንም አይቀርም።

ነገር ግን ያ 11 ከየት መጣ? እዚህ ላይ የእስላሙ ልጅ ከክርስቲያኑ ቀድሞ ሊመልስ ይችላል፤ ዒድ አል አድሐ፣ በአገሩ አጠራር አረፋ፣ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እንደሚመለስ በቤቱ ያውቃልና። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ልዩነቱ 11፣ ማለትም የደብተራው አበቅቴና የአረፋው መዛወር ምንጫቸው አንዲት ጨረቃ ናት። በ2008 ዓ.ም. አረፋ መስከረም 13 ቀን ውሎ ነበር፤ መስቀል ደግሞ እንደ ወትሮው መስከረም 17፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ ያለው የጉራጌ ተወላጅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በአንድ ሳምንት ወደ አገሩ ተመመ። እንዲህ ያለ ዓመት መቼ ይመለሳል? 365 ለ11 ሲካፈል 33 ግድም ነው፤ ብዙው ተማሪም ‘በ33 ዓመት’ ብሎ ይቸኩላል። ግን የየትኛው 33? የጨረቃው 33 ዓመት 11,682 ቀን፣ የፀሐዩ 32 ዓመት 11,680 ቀን ነው፤ ስለዚህ መልሱ በእኛ አቆጣጠር 32 ዓመት፣ ማለትም 2040 ዓ.ም. ይሆናል፤ ይህም በየአራት ዓመቱ የምትመጣውን ስድስተኛይቱን የጳጉሜን ቀን፣ በጨረቃው ዓመትም ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚጨመረውን አንድ ቀን ሳንቈጥር ነው፤ እነዚያ ሲቈጠሩ አረፋው ከመስከረም 13 ወደ ፊት ስንት ቀን እንደሚገፋ፣ ከመስቀል አስቀድሞ ወይም በኋላ መዋሉንም፣ ክፍሉ በቡድን ተከፋፍሎ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሠርቶ ይምጣ።